ለቴፕ ገጠማ ብቻ 4,500 ብር

መምህራን ክፍል ውስጥ ሰሞኑን ይህን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም፤ «ለመኪና ቴፕ ማስገጠሚያ ብቻ 4,500 ከፈልሽ አሉ?» አዎ፣ ከፍያለሁ። ቴፑን ሳይጨምር፣ ስፒከሩን ሳይጨምር፣ የእጅ ዋጋ ብቻ። ባልደረቦቼን የሚያስቃቸው የብሩ ብዛት ብቻ አይደለም። የፊዚክስ መምህር ሆኜ፣ 19 ዓመት ሙሉ የኦምን ሕግ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ሽቦ የሚያገናኝልኝ ሰው መቅጠሬ ነው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልናገርና እነሱም እናንተም ፍረዱ።

መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ የ2006 ሥሪት፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረው ዱባይ ነው። ፍጥነት መቁጠሪያዋ ከሹፌሩ ፊት ሳይሆን መሃል ላይ ስለሆነ መሪ ለማዞር ትመቻለች ይላሉ። እንግዲህ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያየው ሞተር፣ ጎማና ቀለም ነው፤ ሬዲዮ ከፍቶ የሚያዳምጥ የለም። እኔም አላዳመጥኩም። በዚያ ዘመን የተሠራ የጃፓን ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ይሄዳል፣ የእኛ ደግሞ ከ88 እስከ 108። ሁለቱ የሚገናኙት እዚያች ጠባብ ድንበር ላይ ብቻ ነው። ኤፍ ኤም ባሕር ዳር ያለው 96.9 ላይ ነው፤ የኔ ሬዲዮ 90 ሲደርስ ዞሮ 76 ይላል። ለአንድ ዓመት ተኩል የከተማዬን ዜና በመኪና ውስጥ የሰማሁት መስኮት ከፍቼ፣ ከጎኔ ከቆመ ባጃጅ ነው።

መጀመሪያ በርካሹ ልሞክር ብዬ ነበር። ከአንቴናው ገመድና ከሬዲዮው መሃል የምትገባ፣ ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማትበልጥ ዕቃ አለች፤ ከፍ ያለውን ሞገድ ወደ ታች ታወርደዋለች። የገዛኋት 16 ሜጋኸርዝ የምትቀንስ ስለነበረች 96.9ን 80.9 ላይ አገኘሁት። ከተማ ውስጥ ደህና ነበረች። ወደ ጎንደር መንገድ ስወጣ ግን ሐሙሲት እንኳ ሳልደርስ ጣቢያው እንደ ጠላ ቤት ሁሉም በአንዴ ያወራ ጀመር። ሁለት ወር ታግሼ ነቀልኳት።

ከዚያ ባለቤቴ «አንዴ ይውጣልን» አለና ባለ 9 ኢንች አንድሮይድ ቴፕ በ18,500 ብር አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ በሰው አስመጣ። የፊት በሮች ስፒከርም አብሮ፣ ባለ 16 ሳንቲሜትር፣ ጥንዱ 7,000። የቴፑ ሳጥን ላይ በትልቁ «4×60 ዋት» ተጽፏል። ጀርባው ላይ የተሰካችው ፊውዝ ግን 10 አምፒር ናት። ሞተር ተነሥቶ 14 ቮልት ቢያገኝ እንኳ ከ140 ዋት በላይ መሳብ አይችልም፤ ከዚያ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ቀንሱና ለአራት ስፒከር አካፍሉ፣ ለእያንዳንዱ 20 ዋት ቢደርሰው ነው። 240ው ዋት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከማተሚያ ቤት። ለማንኛውም 20 ዋት ለቪትዝ በቂ ነው፣ ከበቂም በላይ፤ ይህን የምለው ሰዎች ሳጥን እያነበቡ ዋጋ ሲከራከሩ ስለማይ ነው።

ገጠማው ላይ ነው ጉዱ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሞባይል ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው፣ ይህን አልክድም፤ የተሰበረ ስልኬን ሦስት ጊዜ አስነሥቶልኛል። «እትዬ፣ ለዚህም ገንዘብ ይከፈላል እንዴ?» አለኝ። እኔም የሱ ሐሳብ ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። አንድ ሐምሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገታ ሲል፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ ገባባት።

ገና ሲጀምር ያደረገው ነው የፈጀን። ከአሮጌው ሬዲዮ ጀርባ ያለውን ሶኬት በፒንሳ ቆረጠው። ለቶዮታ የሚሆን ማገናኛ ሶኬት በጥቂት መቶ ብር ይሸጣል፤ አንዱ ጫፍ ከመኪናው፣ ሌላው ከቴፑ፣ አለቀ። ይህን እሱ አላወቀም፣ እኔም አላወቅሁም። ከዚያ ቢጫን ከቢጫ፣ ቀይን ከቀይ እያለ ሲያጋጥም ቀለሞቹ አልገጥም አሉት። ስልኩ ላይ ያወረደው ሥዕል ሌላ ይላል፣ ሽቦው ሌላ ይላል። ለካ መሪው ሲዞር ከክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ) ሥር ያሉት ሽቦዎች ብዙዎቹ ተቆርጠው ተቀጥለዋል፤ የቀጠለውም ሰው እጁ የገባለትን ቀለም ነው የቀጠለው። ጥቁር ሆኖ ይጀምርና መሃል ላይ አረንጓዴ ይሆናል።

ቴፕ ሁለት መስመር ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ ያገኛል፤ ሰዓቱና የመረጣችሁት ጣቢያ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲዞር ብቻ መጥቶ «ተነሥ» ይለዋል፣ ቁልፍ ሲወጣ «ተኛ»። ወንድማችን ለቀዩ የሚሆን መስመር ፈልጎ ሲያጣ፣ ቀዩንም ቢጫውንም ጠምዝዞ አንድ ላይ ባትሪው መስመር ላይ አሰራቸውና በፕላስተር ጠቀለለ። ቴፑ በራ። ልጆቼ ጨፈሩ። እኔም ቡና አፈላሁለት።

ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ። ጎረቤት ሁሉ ለመግፋት ተሰበሰበ። «አውቶማቲክ ናት፣ ተገፍታ አትነሣም» ብል ማን ይስማኝ፤ እስከ ኮብልስቶኑ ድረስ በጭቃ ገፏት፣ ከዚያ መልሰው ገፏት። በመጨረሻ ከአንድ ዶልፊን ሚኒባስ ባትሪ በገመድ ወስደን አስነሣናት። በሳምንቱ ደገመችው። በሦስተኛው ባትሪው ጨርሶ ሞተ፤ አዲስ ባለ 35 አምፒር ሰዓት ባትሪ 8,500 ብር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ያኔ ነው ሙያዬ ትዝ ያለኝ። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ መልቲሜትር ተውሼ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታሁና መለኪያውን መሃል ላይ አስገባሁት፣ 10 አምፒር በሚለው ቀዳዳ። (መለኪያው እንደዚያ ገብቶ ሞተር ለማስነሣት የሚሞክር ሰው መለኪያውን ቀብሮ ይመጣል፤ ተማሪዎቼንም የምለው ይህንኑ ነው።) ሁሉም ጠፍቶ፣ ሁሉም በር ተዘግቶ፣ 0.6 አምፒር። የቆመች ጤነኛ መኪና ከ0.05 ባትዘል ነው ደጉ። 0.6ን በ48 ሰዓት አባዙት፣ 28.8 ይመጣል፤ ከ35ቱ ምን እንደሚተርፍ የአራተኛ ክፍል ልጅም ይነግራችኋል። ስክሪኑን በጣታችን ስናጠፋው ቴፑ የጠፋ መስሎን ነበር እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ነው የሚያድረው።

ሁለተኛው በሽታ በጆሮ ተገኘ። ባለቤቴ የማኅሌት ቅጂ ይወዳል፤ ጎጃሜ ነው፣ ቅኔ ቤት ያደረ አጎት አለው፣ በዚህ አልፈርድበትም። አንድ እሑድ እሱን ከፍቶ ስንሄድ ዝም አለ፣ አለና፣ «ከበሮው የት ሄደ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጽናጽሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የመሪጌታው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ከበሮው ግን ሩቅ ጎረቤት ዘንድ የሚመታ ይመስላል። ወደ አንደኛው በር ጆሮዬን ሳስጠጋ ከበሮው ይመጣል፤ መሃል ስቀመጥ ይጠፋል። ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች የአንዱ ፕላስና ማይነስ ተለዋውጦ ነበር። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ሁለቱ መሃል ላይ ይጠፋፋል። ይህንን በየዓመቱ ሞገድ ሳስተምር ገመድ አወዛውዤ አሳያለሁ፤ ማኅሌት ላይ ይመጣብኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሦስተኛው ሽታ ነው። የመኪና በር ውስጥ ዝናብ ይገባል፣ መግባቱም ደንቡ ነው፤ በመስታወቱ ሥር ይወርድና በበሩ ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ወደ እግራችን እንዳይመጣ የሚያግደው ከበሩ ሽፋን ኋላ የተለጠፈው ናይሎን ነው። ወንድማችን ስፒከሩን ሲቀይር የቀኙን በር ናይሎን ቀዶ ተወው። የባሕር ዳር ነሐሴ ደግሞ አይምርም። ምንጣፉ ሥር ውሃ አቆረና መኪናዋ የሻገተ ሽሮ ከረጢት ሸተተች።

እንግዲህ ባለሙያ ፍለጋ ወጣሁ። ሦስት ቦታ ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር የሚሠራ ነው። መኪናዋን ቀና ብሎ ሳያይ «አንድ ሺህ፣ በአንድ ሰዓት ትወስጂያታለሽ» አለኝ። ሁለተኛው በመስታወት ያበደ ሱቅ ነው፤ ቴፑን ከእነሱ ካልገዛሁ እንደማይገጥሙ፣ ከገዛሁ ግን ገጠማው «በነፃ» እንደሆነ ነገረኝ። ያው ዓይነት ቴፕ እነሱ ዘንድ እኛ ከገዛንበት በ6,000 ብር ይበልጣል። ነፃው ስንት እንደሆነ አወቅሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀበሌ 14 ውስጥ ነው። ታፔላ የለውም፤ በሩ ላይ የተሰቀለ ሆዱ የተቀደደ ስፒከር ነው ታፔላው። ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ከአንድ ረዳት ጋር ይሠራል። ጉዳዬን ሳልጨርስ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየና «መሪዋ የዞረች ናት?» አለኝ። ከሦስቱ ይህን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። «ናት» ስለው «እንግዲያው የሽቦ ቀለም አይታመንም፤ አንድ በአንድ ይለካል፤ አራት ሺህ አምስት መቶ» አለ። ልከራከር ሞከርኩ። አልቀነሰም። «ካልሆነ ዛፉ ሥር ያለው ልጅ ጋ ይሂዱ፣ በአንድ ሺህ ይሠራል፤ ከወር በኋላ እኔ ዘንድ ይመጣሉ» አለኝ። ከእሱ ዘንድ እንደመጣሁ እንዴት አወቀ ብዬ ደነገጥኩ፤ ረዳቱ ሲስቅ ነው ሁሉም ደንበኛ በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የገባኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ደረስኩ። ሥራውን የጀመረው መሣሪያ በማንሣት አይደለም። የተማሪ ደብተር አወጣ። ፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መስታወት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ በአንድ እያስበራኝ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጻፈ፤ የግራ ኋላ መስታወት እንደሚንቀራፈፍ እንኳ ጻፈ። ከዚያ አስፈረመኝ። «ያልነካሁትን ነካህ እንዳልባል ነው» አለ። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን አሰብኩ፤ ያስፈረመኝ ወረቀት እሱንም ያስራል። ቀጥሎ መቀመጫዎቹ ላይ አሮጌ አንሶላ ዘረጋ፣ የባትሪውን ማሳ (ኔጌቲቭ ገመዱን) ፈታ፣ ክሩስኮቱን ከፈተ።

የወንድማችንን ሥራ ሲያይ ምንም አልተናገረም። ፕላስተሩን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሲስበው ከነሙጫው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገለጠ፤ ሙቀት አልልቶት ሽቦዎቹ ራቁታቸውን ነበሩ። ለረዳቱ አሳየው። ረዳቱ ለእኔ አሳየኝ። እኔ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ አየሁ።

ይህን ቀጣዩን ነው ቆሜ ያየሁት። ማሳውን ለጊዜው መለሰና ቴስተሩን ይዞ እያንዳንዱን ሽቦ ለካ፤ ቁልፍ ጠፍቶ፣ ቁልፍ አንድ ጊዜ ዞሮ፣ መብራት በርቶ። በለካው ላይ ከደብተሩ ጠርዝ የቀደዳት ቁራጭ ወረቀት ያስርበታል፣ «ባትሪ»፣ «ቁልፍ»፣ «መብራት» ብሎ በእስክሪብቶ ጽፎ። የስፒከር ሽቦዎቹ ላይ ሲደርስ ቴስተሩን አስቀመጠና ከኪሱ ተራ የሬዲዮ ድንጋይ አወጣ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በድንጋዩ ግራና ቀኝ ለቅጽበት ነካ ሲያደርግ ስፒከሩ «ጠብ» አለ። የበሩ ሽፋን ወልቆ ስለነበር የስፒከሩ ሆድ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ወደ ውጭ ከወጣ በድንጋዩ ፕላስ በኩል ያለው ሽቦ ፕላስ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገላብጧል። የግራው ወጣ። የቀኙ ገባ። «ከበሮዎ እዚህ ነው የተቀበረው» አለኝ። የማኅሌቱን ነገር ቀድሜ ነግሬው ነበር። ይህችን የድንጋይ ነገር መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ አስገብቻታለሁ፤ ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ ተማሪዎቹ እሷን ያዙ።

የተለካውን ሽቦ ሁሉ በሶልደር ሊያያይዝ ሲነሣ መብራት ሄደ። የሚጠበቅ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። «ሐይቅ ዳር ሄደው አሳ ይብሉ፣ ሲመጣ እደውላለሁ» አለኝ፤ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ሳይደውል ተመለስኩ። ልቤ መኪናዋ ጋ ነበር። ስመለስ በሞባይል ባትሪ መብራት የበሩን ናይሎን እየሠራ ነው። የተቀደደውን ጥሎ አዲስ ወፍራም ላስቲክ ቆርጦ ዙሪያውን በጥቁር ማስቲካ መሳይ ማጣበቂያ አትሞታል። ከዚያ ረዳቱ አንድ ጆግ ውሃ በመስታወቱ ላይ አፈሰሰ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። በበሩ ግርጌ ወረደ፤ ወደ ውስጥ ጠብታ አልገባም።

መብራት ሲመጣ ሽቦውን ለአዲሱ ቴፕ ብቻ አላያያዘም። መጀመሪያ የመኪናዋ ጫፍ ላይ የቶዮታ ሶኬት መልሶ ሠራላት፣ ከዚያ ነው ቴፑን በማገናኛ የሰካው። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ አልብሶበታል። «ነገ ይህን ቴፕ ቢሸጡት ነቅለው ብቻ ይሰጣሉ፤ ማንም እንዳይቆርጥ» አለኝ። ከከፈልኩት ሁሉ የሚቆጨኝ የሌለው ለዚህ ነው።

ያልወደድኩትንም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሳይጠይቀኝ የእጅ ፍሬኑን ሽቦ ከማሳ ጋር አሰረው። ያ ሽቦ መኪናዋ ቆማ የእጅ ፍሬን ካልተያዘ በቀር ስክሪኑ ላይ ቪዲዮ እንዳይታይ የሚከለክል ነው። እሱን ካታለሉት እየነዱ ፊልም ማየት ይቻላል። ልጁ ሁሉም ደንበኛ የሚጠይቀው እሱን ነው አለ። ባጃጅ ከግራ ከቀኝ በሚሞላበት ከተማ፣ ሕፃናት መንገድ በሚያቋርጡበት ሰዓት፣ ፊልም እያዩ መንዳት? «አንተ ልጅ፣ ፍታልኝ» አልኩት። ፊቱ ቀላ፣ ፈታው። ሌሎች ደንበኞች እንዳይፈታባቸው የሚለምኑት ነገር ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ግን መጠየቅ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ የበሩን ሽፋን ሲያወልቅ የፕላስቲክ ክሊፕ ሰብሮ ዝም አለኝ። በማግስቱ በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስሻገር ምንም አልሰማሁም፤ 380 ሜትሩን እንደ ጠረጴዛ ነው የሚያሻግረው። ከዘንዘልማ መልስ አስፋልቱ የተሸረሸረበት ጋ ስደርስ ግን የቀኙ በር ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ተንገጫገጨ። ተመልሼ ሄድኩ። አልካደም፤ «ሁለት ተሰብሯል፣ አንዱ ነበረኝ አንዱ የለኝም፣ ልነግርዎት አፈርኩ» አለ። እኔ ማፈሩን ሳይሆን መንገሩን ነበር የምፈልገው።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። ከ3 ሰዓት እስከ ማታ 11 ተኩል። የመብራቱ ጥፋት ቢቀነስ እንኳ አንድ ቀን ሥራ አስፈትቶኛል።

አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ፣ በአጭሩ አምፕ) እና ባስ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) እንዳስገባም ገፋፍቶኝ ነበር፣ ይህን ሳልነግራችሁ እንዳልሄድ። ባለቤቴ ልቡ ሸፍቶ ነበር፤ ባለ 12 ኢንች ባስ ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ለገጠማው ተጨማሪ 5,000 የእጅ ዋጋ። እኔ አልተስማማሁም። ልጁም ሐቀኛ ሆኖ ራሱ ነው የረዳኝ። ለአምፑ የሚሆነውን ወፍራም የባትሪ ገመድ ሳይ ዋጋው አነሰብኝና ጠየቅሁት። ምላጭ አውጥቶ ጫፉን ፋቀልኝ። ከላይ ቀይ ነው፣ ሲፋቅ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው የመዳብን 60 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ውፍረት ይዞ ያንኑ አምፒር ካሳለፉበት ይሞቃል። ንጹሕ መዳብ ካላመጣሁ እንደማይገጥም ነገረኝ፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ካልሆነ ትርጉም የለውም አለ፤ ምክንያቱም ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ ከፊውዙ በፊት ያለው ክፍል ነው የሚነድደው። 500 ዋት የሚበላ አምፕ ከ35 አምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር ማስተሳሰር ድሮም ለሰርግ አንድ ቀን እንጂ ለዘወትር አይሆንም። ባለቤቴ አኩርፏል፣ እስከ አሁንም ሰርግ አጃቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ያየኛል።

ሒሳቡን ልጨርስላችሁ። የወንድማችን «ነፃ» ገጠማ የባትሪ 8,500 ብር ነው፣ በላዩ ላይ ምንጣፍ ማሳጠብና ማድረቅ አለበት። የልጁ 4,500 ነው። ቤት ስመለስ መልቲሜትሩን መልሼ አስገብቼ ለካሁ፣ 0.02 አምፒር። ሦስት ሳምንት ሳትነዳ ቆማ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥታለች።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይክፈል ማለቴ ነው? አይደለም። መኪናችሁ መሪው ያልዞረ ከሆነ፣ ሶኬቱ ያልተቆረጠ ከሆነ፣ የምትቀይሩት ቴፑን ብቻ ከሆነ፣ ማገናኛ ሶኬትና የክሩስኮት ፍሬም ግዙና ራሳችሁ ግጠሙት፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ካቻቢቴ ካላስፈራችሁ። ማሳውን ቀድማችሁ ፍቱ፣ ፒንሳውን ደግሞ ለሌላ ሰው ደብቁት። ስፒከር ከሆነ በሩን መክፈት ይመጣል፤ ናይሎኑን የሚያከብር ሰው ካላወቃችሁ ክፈሉ። መሪዋ የዞረች ከሆነች ያለ ክርክር ክፈሉ፤ ግን ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ሽቦውን በቀለም ነው ወይስ በቴስተር የሚለየው፣ ይህን ጠይቁት። አምፕ ካሰባችሁ ደግሞ ገመዱን በዓይናችሁ ፊት አስፍቁት።

ወንድማችንን ወስጄ ከልጁ ጋር አስተዋውቄዋለሁ። መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ሞኝና ወረቀት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ እየዋለ ነው፤ እሱ የልጁን ስልኮች ይጠግናል፣ ልጁ የድንጋዩን ነገር አሳይቶታል። የጎደለው የበር ክሊፕ ግን ገና አልመጣም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ውስጥ አስይዣለሁ ብሎኛል፤ ባለፈው ዓርብ ስደውል «ቲቸር፣ ሰኞ» አለኝ። እስከዚያው የቀኙን በር በተጣጠፈ የፈተና ወረቀት ወትፌው እየነዳሁ ነው።